ከበሩ እስከ ደረጃው አራት እርምጃ

ይህን የምጽፈው በስልኬ ነው። ጣቴ የነካውን ፊደል እየጠራልኝ፣ ስሳሳት እያጠፋሁ፣ በቀስታ። ለሰው ባስጽፈው ይፈጥን ነበር፤ ግን መሃል ላይ ስደርስ የማቆም መሰለኝ። አንዳንድ ነገር በሰው ፊት ከአፍ አይወጣም።

ስሜ ይርጋ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሰቆጣ ነው። ዓይኔን ኩፍኝ የወሰደው በአምስት ዓመቴ ስለሆነ ካየሁት ነገር የቀረኝ ጥቂት ነው። እንደ ምንም ተምሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በታሪክ ተመርቄ ስመለስ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ መርቆኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር እህቴ ቤት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እመዘገባለሁ፣ ፈተናውን አልፋለሁ፣ ለቃለ መጠይቅ ስገባ ክፍሉ ፀጥ ይላል። ያቺን ፀጥታ አውቃታለሁ። ወረቀት ይገለባበጣል፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ "እንጠራሃለን" ይሉኛል።

እህቴ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ነገር ግን ጠዋት ባሏንና ልጆቿን ሸኝታ ስትመለስ በሩ ላይ ትንሽ ትቆማለች። ለምን እንደምትቆም ይገባኛል፤ ቤት የቀረውን ሰው እያየች ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። በኋላ ያደረግኩትን ስታነቡ ምን ፈርቼ እንደነበር እንድታውቁት ነው። ምክንያት ይሁን ማመካኛ እናንተ ፍረዱ።

አንድ ቀን ዓይነ ስውራን ከምንሰባሰብበት ማኅበር ተደወለልኝ። ብዙ ሰው ለጉዳይ የሚመላለስበት አንድ ግቢ አለ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እዚያ ዓይነ ስውራን ያለ መሪ ገብተው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ያለ መሪ እንዲወጡ የሚረዳ ነገር ሊተከል ነው፤ የሚሞክሩት ሁለት ሰዎች ይፈለጋሉ አሉኝ። አንዱ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛዋ ለምለም ነበረች።

ለምለም ከአበርገሌ የመጣች፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። ዓይኗን ትራኮማ ቀስ በቀስ ሲበላው ኖሮ ጭራሽ ከጨለመባት ያኔ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባሏ ሲሞትባት ሰቆጣ ወደምትኖረው የባሏ እህት፣ ወደ ዘነቡ፣ መጥታ ተጠጋች። አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው። አማርኛን ካደገች በኋላ ስለለመደችው ቃላቱን እንደ እንቁላል አንድ በአንድ ታስቀምጣቸዋለች፤ የምታስቀምጠው ግን ከእኔ ይልቅ በቦታው ነው። እኔ እሷን "እታለም" እላታለሁ፣ እሷ "ወንድማለም" ትለኛለች።

ብዙ ዓይነ ስውራን አውቃለሁ፤ እንደ ለምለም ነፋስ የሚያነብ ግን አልገጠመኝም። አብረን ስንሄድ ድንገት "በቀኝ ግንብ አለ" ትላለች።

"በምን አወቅሽ?"

"ነፋሱ ተቆረጠ።"

በትሬን ስዘረጋ እውነትም ግንብ አለ።

ለምን ለመሞከር እንደመጣች በመጀመሪያው ቀን ጠየቅኋት።

"ዘነቡ ክፉ ሰው አይደለችም" አለችኝ። "ግን ጠላ ትጠምቃለች፣ ሥራ አላት። ገበያ ውሰጂኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ፣ ቀበሌ ውሰጂኝ እላታለሁ። ለመውጣት እለምናለሁ፣ ለመግባት እለምናለሁ። አፌን መረረኝ፣ ወንድማለም። አንድ ቀን ‘ሄድኩ’ ብዬ ብሄድ። ይኸው ነው።"

የሚተክለው ባለሙያ ከባሕር ዳር የመጣ ቢንያም የሚባል ወጣት ነበር። ሥራውን የሚወድ፣ ሲያስረዳ የማይሰለች ልጅ ነው። የሚለጥፈውን ዕቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የክብሪት ሳጥን የሚያክል ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ቢከን ይሉታል።

"ይሄ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እንዳለው ቁጠረው" አለኝ። "ቀኑን ሙሉ ‘እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ’ ይላል። ስልካችሁ ይሰማዋል። የትኛው ቢከን ጎልቶ እንደተሰማው እያየ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ከሕንፃው ስትወጡ ደግሞ ቢከኑን ትቶ ሳተላይት ይይዛል።"

"ታዲያ ምን ይከብዳል?" አልኩት።

"በሩ ነዋ! ውስጥ ስትሆኑ ቀላል ነው፣ ውጭ ስትሆኑም ቀላል ነው። መከራው መሃል ላይ ነው፤ አንዱን ለቆ ሌላውን የሚይዝበት ቦታ።"

ለእያንዳንዱ በር አንድ ቢከን በውስጥ፣ አንድ ቢከን በውጭ ለጠፈ። የውስጡ ከጎላ ገብተሃል፣ የውጩ ከጎላ ወጥተሃል ማለት ነው። ሥራውን ለሁለት ከፈለን። የፊት ለፊቱ በር የለምለም፣ የጓሮው በር የእኔ ሆነ። የፊት ለፊቱ በር ከግቢው ጋር እኩል ነው፤ ደረጃ የለውም። የጓሮው በር ግን ሲወጡ አራት እርምጃ የምትሆን የሲሚንቶ በረንዳ አለችው፤ ከዚያ ድጋፍ የሌለው ሰባት የድንጋይ ደረጃ ወደ ታችኛው ግቢ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር። ለምለም በሩ ላይ ስትቆም ስልኩ በዚያች በተገራች የሴት ድምፅ "ከሕንፃው ወጥተዋል" ይላታል። ሳትንቀሳቀስ "ወደ ሕንፃው ገብተዋል" ይላል። "ወጥተዋል። ገብተዋል። ወጥተዋል።"

"ቢንያም!" አለች ለምለም፣ "ይቺ ሴትዮ የዘነቡን ጠላ ቀምሳለች!"

ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። ቢንያምም ሳቀ፤ ግን ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ ሳይሆን አይቀርም፣ በማግስቱ መፍትሔ ይዞ መጣ። ምልክቱ ሰው ባለፈ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ከፍ ዝቅ ስለሚል ስልኩ ይወላውላል። ስለዚህ ስምንት ሰከንድ ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር እስኪሰማ ድረስ ሐሳቡን እንዳይቀይር አደረገው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልወላወለም። ለምለም በፊት ለፊቱ በር ወጣች ገባች፣ ወጣች ገባች፤ ድምፁም እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብሎ አንዴ ብቻ ተናገረ። ሁላችንም አጨበጨብን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጓሮውን በር ብቻዬን ስሞክር ነው ነገሩን ያገኘሁት።

በኮሪደሩ መጣሁ። የእግሬ ድምፅ እንደ ጉድጓድ ከግራና ቀኝ ይመለሳል፤ ቤት ውስጥ ነኝ። ከዚያ ድምፁ ሳይመለስ ቀረ። ንፋስ ጉንጬን ነካው፣ ፀሐይ ግንባሬ ላይ ተቀመጠች። ወጥቻለሁ። ስልኩ ግን "ኮሪደር ውስጥ ነዎት፤ ቀጥታ ይሂዱ" አለኝ። በትሬን ዘረጋሁ። ጫፏ ባዶ ነካች። ደረጃው አፍ ላይ ቆሜያለሁ። እዚያው እንደቆምኩ ቆየሁና "ከሕንፃው ወጥተዋል፤ ከፊትዎ ሰባት ደረጃ አለ፤ እባክዎ ይጠንቀቁ" አለኝ።

ደግሜ ሞከርኩት፤ ሦስቴ። ሰው በስምንት ሰከንድ ውስጥ ዘጠኝ ወይም አሥር እርምጃ ይሄዳል። ከበሩ እስከ ደረጃው አራት ነው። ይህን ለመቁጠር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ቢንያምን ጠርቼ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና "እውነትህን ነው" አለ። "ሰከንዱን ባሳጥረው ደግሞ እንደ ቀድሞው ይወላውላል። የውጩን ቢከን ከደረጃው በታች ማውረድ፣ ከዚያ እንደገና መለካት አለብኝ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።"

"ነገ እኮ የመሣሪያው ምርቃት ነው።"

"ነገ በፊት ለፊቱ በር ነው የምናሳየው። እዚያ ደረጃ የለም። የጓሮውን ከነገ ወዲያ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ ለማንም ባትናገር... የግቢው ኃላፊ ከሰማ ሁሉንም ነገር ያቆመዋል።"

እኔም ማንም እንዲያቆመው አልፈለግኩም። ኃላፊው በዚያው ሳምንት ቢሮው አስገብቶ ወንበር ስቦልኝ ነበር። "አቶ ይርጋ፣ ሌሎችን የሚያሠለጥን ቋሚ ሠራተኛ እንቀጥራለን። ደብዳቤው ተዘጋጅቷል። ምርቃቱ በሰላም ይለፍ እንጂ" ብሎኛል። ከተመረቅኩ ወዲህ "አቶ" ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ማታ ከግቢው ስንወጣ ለምለም ዘነቡን እየጠበቀች አጥሩ ሥር ቆማ ነበር።

"ወንድማለም" አለችኝ፣ "አንተ ተምረሃል። ይሄን ነገር ታምነዋለህ?"

"እንደ ዓይኔ" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ብዬ ነው የዋሸኋት፤ በቀልድ። በቀልድ የተዋሸ ውሸት ውሸት የማይመስለው ለዋሸው ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ግቢው ተለውጦ ጠበቀን። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ድምፅ ማጉያው "አንድ፣ ሁለት፣ ሃሎ" ይላል። ለምለም አዲስ ነጠላ ለብሳ መጥታለች፤ ያልታጠበ ጥጥ ይሸታል። ዘነቡ አድርሳት ተመልሳለች። "ዛሬ አትምጪ ብያታለሁ" አለችኝ ለምለም። "ማታ ራሴ እሄዳለሁ። ጥበቃው ባጃጅ ላይ ያሳፍረኛል፣ ከባጃጁ እስከ ቤት መንገዱን አውቀዋለሁ።"

እንግዶቹ መጡ። ንግግር ተደረገ። ከንግግሩ በኋላ እኔ በፊት ለፊቱ በር ገብቼ ልወጣ ነበር የታሰበው። ስልኬን አዘጋጅቼ ስጠብቅ ኃላፊው ቢንያምንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራን። ለምለም ከጎኔ ነበረች።

"እዚህ ጫጫታ ነው፣ የስልኩ ድምፅ አይሰማም" አለ። "በጓሮው በር እናድርገው። እንግዶቹ ታች ግቢው ላይ ይቆማሉ፣ ከሕንፃው ሲወጣ ሽቅብ ያዩታል። ያምራል።"

ቢንያም ተንተባተበ። "የጓሮው በር ገና..."

"ገና ምን?"

"ገና... ትንሽ ይዘገያል።"

"ቢዘገይ ምን አለበት? እንጠብቃለን!" አለ ኃላፊው። ደግነት ነበረበት ድምፁ። "ደግሞ ይርጋ አይሂድ። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ቢያደርገው ማን ይደነቃል? እናታችን ትሂድ። ከገጠር የመጣች እናት ስታደርገው ነው ሰው የሚያምነው።"

ቢንያም ሲተነፍስ ይሰማኛል። መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ረጅም ነገር አያስፈልግም ነበር። "ደረጃ አለ፣ ስልኩ አርፍዶ ነው የሚናገረው" ማለት ብቻ። አፌን ከፈትኩት። የታየኝ ያ ደብዳቤ ነው፤ እህቴ በሩ ላይ ስትቆም ነው። ቢንያም ይናገር ብዬ ጠበቅሁ። እሱም ይመስለኛል እኔን ጠበቀ።

"በትሩን ደግሞ ያዙላት" አለ ኃላፊው። "በትር ይዛ ከሄደች ስልኩ ምን ሠራ ይባላል?"

"በትሬን?" አለች ለምለም።

"ለሁለት ደቂቃ ነው፣ እናቴ።"

ከዚያ እጇ ደረቴን ዳስሶ እጄን አገኘው፣ የወይራ በትሯን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችው። መያዣው ሙቅ ነበር።

"ያዝልኝ፣ ወንድማለም።"

ያዝኩላት።

እንግዶቹ በጎን ዞረው ታች ግቢው ላይ ሲሰበሰቡ ይሰማል። ቢንያም ስልኩን እጇ ላይ አደረገላትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። "ቀስ ብለሽ፣ በጣም ቀስ ብለሽ" አላት። ከእሱ የወጣው ማስጠንቀቂያ ይኸው ብቻ ነው። እሷ መሄድ ጀመረች። ከኋላዋ ቆሜ የጫማዋን ድምፅ እከተላለሁ። ጠፍጣፋ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመለሳል።

"ኮሪደር ውስጥ ነዎት" አለ ስልኩ። "ቀጥታ ይሂዱ።"

ከታች አንድ ሰው "ይገርማል!" ሲል ሰማሁ።

የጫማዋ ድምፅ መመለሱን አቆመ። ወጥታለች። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለት፣ ቆመች።

"ነፋስ መጣብኝ" አለች። ለማንም ያልሆነ፣ ለራሷ የሆነ ድምፅ ነበር።

"ኮሪደር ውስጥ ነዎት። ቀጥታ ይሂዱ" አለ ስልኩ።

ከታች ጥቂት ሰዎች በፍቅር ሳቁ። አንዱ "አይዞሽ እናቴ፣ ቀጥይ!" አለ። እነሱ ዓይን አላቸው፤ ደረጃውን ያያሉ። ግን ስልኩ ያውቃል ብለው አስበዋል። በጊዜው ይነግራታል ብለው ነው የጠበቁት።

ለምለም ግን ወደ ኋላዋ፣ ወደ እኔ ዞረች። ድምፁ ፊቴ ላይ ስለመጣ መዞሯን አወቅሁ።

"ይርጋ" አለች። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። "ወጥቻለሁ እንዴ?"

ወጥታ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከኋላዋ ስለተከማቸን ምልክቱ እየዋለለ ስልኩ ስምንቱን ሰከንድ እንደገና ይቆጥር ነበር። ከፊቷ ሁለት እርምጃ እንደቀራት አውቃለሁ። ሰው ሁሉ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ኃላፊው ከአጠገቤ ቆሟል፤ ሽቶው ይሸተኛል። በትሯ እጄ ላይ ነው።

"ስልኩን ስሚ፣ እታለም" አልኳት።

ዞረች። አንድ እርምጃ ረገጠች። ሁለተኛዋን ረገጠች። ሦስተኛዋ መሬት አላገኘችም።

የወደቀችበትን ድምፅ አልገልጽላችሁም። አንዲት ሴት "ኧረ ያዟት!" ብላ ጮኸች፤ ከዘገየ በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉም ፀጥ አለ። በዚያ ፀጥታ መሃል፣ ከደረጃው ግርጌ፣ ከእጇ ካመለጠው ስልክ ያቺ የተገራች ድምፅ ተሰማች፦ "ከሕንፃው ወጥተዋል። ከፊትዎ ሰባት ደረጃ አለ። እባክዎ ይጠንቀቁ።"

በበትሯ እየዳሰስኩ ደረጃውን ወረድኩ። ሰባት ነበር። ስደርስ ሰዎች ከበዋት አንዱ አትንኳት፣ ሌላው አንሷት ይላል። እጇን ፈልጌ ያዝኩት። ቀኝ እጇ ነበር፤ አንጓው ጋ መጠምዘዝ በማይገባው በኩል ተጠምዝዟል። አላለቀሰችም።

"ነጠላዬን አልብሱኝ" አለች። "ሰው እያየኝ ነው።"

ዳሌዋና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ሆስፒታል ወስደዋት፣ ከዚያ ወደ ወልድያ ላኳት። ከመሄዷ በፊት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ዘነቡ በሌላው በኩል ታለቅሳለች።

"ስልኩን አላመንኩትም" አለችኝ ለምለም። "ነፋሱ ውጭ ነሽ ብሎኛል። አንተ ‘ስልኩን ስሚ’ ስላልከኝ ነው የረገጥኩት። አንተም ሳታውቅ ነው። አንተም እንደ እኔ ነህ፣ አታይም።"

ይኸውላችሁ፣ ዕድሉ እንደገና እጄ ላይ ወደቀ። "አውቅ ነበር" ማለት እችል ነበር። "አይዞሽ" አልኳት።

ከአምስት ቀን በኋላ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤው ተነበበልኝ። አንዱ አንቀጽ የቢንያም ቃል ነበር፦ "ሥርዓቱ በተሠራበት መልኩ ሠርቷል" ይላል። ሐሰት የለበትም። የሚቀጥለው ግን "ተጠቃሚዋ መሣሪያውን በበቂ ሁኔታ ባለመልመዷና በመደናገጧ የደረሰ አደጋ" ይላል። በቦታው የነበረ ዓይነ ስውር ምስክር ስለሆንኩ የእኔ ፊርማ ይበቃል አሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፊርማ ለመለማመድ አንድ ወር ፈጅቶብኝ ነበር፤ ጣት አሻራ ማድረግ አልወድም ብዬ። ያን ፊርማ ፈረምኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የፈረምኩት፣ መስመሩን አልሳትኩም።

ቢንያም ወደ ባሕር ዳር ከመመለሱ በፊት የጓሮውን በር አስተካክሎት ሄደ። በሮቹ ላይ የምትጠብቀዋ ስምንት ሰከንድ ቀርታለች። አሁን ስልኩ እርግጠኛ ካልሆነ "በር ላይ ነዎት፤ ይቁሙ፣ በበትርዎ ይፈትሹ" ይላል። ደረጃውም የብረት ድጋፍ ተሠርቶለታል። መኪናው ጋ ስሸኘው "አንተ ብትናገር እናገር ነበር" አለኝ። "እኔም" አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

ደብዳቤው ደረሰኝ። እህቴ እልል አለች። ሥራ ጀመርኩ።

ለምለም ከወልድያ ስትመለስ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል አራት ወር አለፈ። እጇ ተጣሞ እንደገጠመ፣ በትር መጨበጥ እንዳቃታት፣ በግራ ክንዷ ክራንች ይዛ እንደምትሄድ፣ ከአልጋ እስከ ደጃፍ እንኳ ዘነቡ እንደምትደግፋት ከሰው ሰማሁ። ካሳ ጠይቃ እንደነበርና ቃለ ጉባኤው ተነቦላት ባዶ እጇን እንደተመለሰችም ሰማሁ። ይህን የሰማሁ ዕለት ሄድኩ።

በሩ ላይ ዘነቡ ተቀበለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ለምለም መደቡ ላይ ነበረች፤ ስትንቀሳቀስ የተነጠፈው ቁርበት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

"ወንድማለም! ጠፋህ እኮ" አለች። ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ ነው የገደለኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ዋዜማውን፣ አራቷን እርምጃ፣ ደብዳቤውን፣ "ወጥቻለሁ እንዴ?" ስትለኝ የማውቀውን፣ ፊርማውን። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ ካቋረጥኩ እንደማልጨርሰው አውቃለሁ።

ስጨርስ ለምለም ተናገረች። በኽምጣኛ ነበር። ለእኔ ይሁን ለዘነቡ አላውቅም። ረጅም ነበር፣ ድምፁ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ሰላምታና ጥቂት የገበያ ቃል እንጂ ኽምጣኛ አላውቅም። አንድም ቃል አልያዝኩም።

"ምን አለች?" አልኩ።

ዘነቡ ተነስታ በሩን ስትከፍት ሰማሁ።

"ዘነቡ፣ እባክሽ፣ ምን አለች?"

"ሂድ" አለችኝ ዘነቡ። "ይሄ የእኔ ነው። የእሷን ልነግርህ አልችልም።"

በማግስቱ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ምስክርነቴን ማንሳት እፈልጋለሁ አልኩት።

"ፋይሉ እኮ ተዘግቷል" አለኝ በእርጋታ። "አሁን ብታነሳው ለእሷ ምን ይጨምርላታል? ራስህን ነው የምትጎዳው።"

"እውነቱ ይመዝገብ ነው የምለው።"

"ጻፍና አምጣው፤ እናያይዘዋለን።"

ጽፌ ሰጠሁ። መልስ አልመጣም። ከሥራም አላስወጡኝም። እኔም አልወጣሁም። ‘ትቼው ሄድኩ’ ብዬ ብጽፍላችሁ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን እዚያው ነኝ፣ ደመወዝ እበላለሁ። ከሰሃላም ከአበርገሌም ለጉዳይ የሚመጡ ዓይነ ስውራንን አሠለጥናለሁ። ብዙዎቹ በዚያ ስልክ ብቻቸውን ገብተው ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ሲወጡ ይመርቁኛል። ምርቃቱን "አሜን" ብዬ እቀበላለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩና ፊታችሁ ላይ ያለው ነፋስ ከተጣሉ ነፋሱን እመኑ፣ በትራችሁን ለማንም አትስጡ። ለምን እንደምላቸው ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች "ማሽኑ ነው ያሳሳታት" ልትሉኝ ትችሉ ይሆናል። ደግ ሰዎች እንዲህ ይሉኛል። ማሽኑ የተባለውን ነው ያደረገው፤ ስምንት ሰከንድ ጠብቅ ተባለ፣ ጠበቀ። እሷ ደግሞ ማሽኑን ትታ ሰው ነበር የጠየቀችው። የሚያውቅ ሰው መርጣ፣ በስሙ ጠርታ ጠየቀች። ሰውየው እኔ ነኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ጨው ልገዛ ወጥቼ ነበር። በግፊያው መሃል አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ። ከጥጥ ሻጭ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። የክራንቹ ጫፍ ድንጋዩን ሲነካ፣ ዘነቡ "ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ" ስትላት ሰማሁ። ወደ እኔ እየመጡ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው። ዘነቡ በግፊያው ውስጥ አላየችኝም መሰለኝ፤ ወይም አይታኝ ዝም ብላለች።

ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በትሬን አነሳሁት፣ መሬት እንዳይነካ። ትንፋሼን ያዝኩ። ለምለም ክንድ በማይሞላ ርቀት አጠገቤ አለፈች፤ ነጠላዋ እጄን ነካው።

አንድ እርምጃ አለፈችኝና ቆመች።

"ዘነቡ፣ እዚህ ሰው አለ?" አለች።

ዘነቡ ምን እንደመለሰችላት በገበያው ጫጫታ አልሰማሁም። እኔ አልመለስኩም።